የእርዳታ ስንዴ በየት በኩል ገበያ ይገባል?

እህል በረንዳ ለሚውል ነጋዴ የውጭ አገር ባንዲራና ጽሑፍ የታተመበት ጆንያ ብርቅ አይደለም። ባዶው ጆንያ ራሱ ተራግፎ፣ ተጥፎና ተቆጥሮ የሚሸጥ ዕቃ በመሆኑ ከጎጃም የመጣ በቆሎም ሆነ ከአርሲ የተጫነ ገብስ ሊሞላበት ይችላል። ስለሆነም ጽሑፉን ብቻ አይቶ «ይህ የተሰረቀ እርዳታ ነው» ብሎ መፍረድ የገበያውን ጠባይ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተነሳው ጉዳይ ግን ከጆንያ ያለፈ ነበር።

እንደሚታወሰው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በትግራይ ክልል የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ ማቆማቸው በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። ሰኔ 1 ቀን ደግሞ ዩኤስኤአይዲ እገዳውን በመላ አገሪቱ አደረገው፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በማግስቱ ተከተለ። በወቅቱ ከለጋሾች ዘንድ ሾልኮ የወጣውና ዜና አውታሮች የዘገቡት ሰነድ መርማሪዎች በሰባት ክልሎች 63 የዱቄት ፋብሪካዎችን መጎብኘታቸውን ያወሳ ነበር። መንግሥት በጋራ ለማጣራት ቢስማማም ጥፋቱን በዋናነት በእርሱ ላይ መጫኑን ተቃውሟል። ስርጭቱ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከስደተኞች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ቢመለስም በመካከሉ ቅጣቱን የተቀበለው ራሽኑን ይጠብቅ የነበረው ችግረኛ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። በሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ስሌት አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታሰብለታል። አምስት ቤተሰብ ያለው አባወራ 75 ኪሎ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ አባወራ ለወፍጮ፣ ለጨው፣ ለዘይትና ለልጆቹ ደብተር ጥሬ ገንዘብ ስለሚያስፈልገው ከድርሻው አሥር ወይም አሥራ አምስት ኪሎ ቢሸጥ ሌባ ሊባል አይችልም። የተሰጠው ሀብቱ ነው። እንዲህ ያለው እህል በአነስተኛ ሰብሳቢዎች እጅ እየተለቀመ፣ ጆንያው ተፈትቶ፣ ከሌላ ስንዴ ጋር ተደባልቆ ከተማ ይደርሳል። ስፌቱ ያልተፈታ፣ ሙሉ መኪና የሞላና ከየት እንደተገዛ የሚያሳይ አንዳች ወረቀት የሌለው ስንዴ ከገበያው ዋጋ በታች ሲቀርብ ግን ከአባወራ ጎተራ እንዳልወጣ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም። ደላላውም ያውቃል፤ ፋብሪካውም ያውቃል። በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቁ ዕቃ መቀበል በሕግ እንደሚያስጠይቅም መዘንጋት አይገባም።

ጉዳቱ ደግሞ የችግረኛው ብቻ አይደለም። ከገበሬው በእውነተኛ ዋጋ የገዛ፣ የማጓጓዣና የመጋዘን ወጪውን የከፈለ ጅምላ ነጋዴ ምንም ካልተከፈለበት ስንዴ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ቀዳዳው ያለው የት ነው ቢባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው መኪናውንና መጋዘኑን ነው። መኪናው ሊታይ፣ መጋዘኑም ሊቆጠር ይችላል። ለማየት አስቸጋሪ የሆነው የስም ዝርዝሩ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ የሚደረገውን የእርዳታ ጥሪ በታወቀ በጀትና በታወቀ ተረጂ ለመተካት የተነደፈ ሲሆን፣ ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ እንዲከፈለው፣ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ ያደርጋል። ተረጂውን የሚመርጠው የቀበሌ ግብረ ኃይል ነው። ስሙ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ይለጠፋል፤ የተከፋ ሰውም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። አሠራሩ በወረቀት ላይ መልካም ነው። ነገር ግን መራጩም፣ የሥራ ቀን መዝጋቢውም፣ ቅሬታ ሰሚውም በአንድ ቀበሌ የሚተዋወቁ፣ አንዳንዴም የአንድ አለቃ ሠራተኞች ከሆኑ ከሳሽና ዳኛ አንድ ሆነ ማለት ነው። የሞተ ሰው ስም ሳይሰረዝ የሚቆየው እዚህ ነው።

ሌላም ከስርቆት የማይቆጠር ብክነት አለ። ለመቶ ሰው የመጣ እህል «ለሁሉም ይድረስ» ተብሎ ለሁለት መቶ ሲከፋፈል ማንም ኪሱ ያስገባው ነገር የለም። ጎረቤት ተርቦ እያየ ብቻውን የሚበላ ስለሌለ ክፍፍሉ በሕዝቡ ዘንድ ፍትሐዊ ነው። ሆኖም በመዝገቡ 15 ኪሎ የወሰደው ሰው በእጁ ያለው ሰባት ኪሎ ተኩል ነው፤ ሪፖርቱም ያላየውን ይናገራል።

ጥሬ ገንዘብ መስጠት የመኪናውንና የመጋዘኑን ጣጣ ያቀልላል፣ ለአገር ውስጥ እህልም ገዢ ይፈጥራል። ለነጋዴው ከሁሉ የሚሻለው ይኸው መንገድ ነው። ችግሩ የዋጋ ንረት ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ ይህም ኩንታሉን በ200 ብር ያሰበ ስሌት ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ቀድሞት ሄደ። ኩንታሉ 400 ብር ሲደርስ 6 ብር አንድ ኪሎ ተኩል፣ 8 ብርም ሁለት ኪሎ ብቻ ይገዛሉ። በዚያን ጊዜ ብዙ ተረጂዎች እህሉ ይሻለናል ማለታቸው የሚያስገርም አልነበረም። ክፍያው በበጀት ዓመት አንዴ እየተወሰነ ገበያው በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ከሆነ የገንዘቡ ፕሮግራም ሳይሰረቅም ይጎድላል።

የጊዜው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ለክረምቱ ችግር የታሰበ ክፍያ ዘግይቶ ከደረሰ አባወራው እስከዚያው ከባለሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ገንዘቡ ሲመጣም ለዕዳ ይሄዳል። የወረዳ ከተማ ነጋዴም ቢሆን ክፍያው መቼ እንደሚለቀቅ ካላወቀ እህል አስቀድሞ አያስገባም። በመክፈያው ቀን ገዢው ይበዛል፣ እህሉ ያንሳል፣ ዋጋውም ይወጣል።

በ2009 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ተረጂው በባንክ ሒሳብ እንዲከፈለውና ከክፍያው 20 በመቶውን እንዲቆጥብ ማድረጉ ጥሩ ለውጥ ነው። የባንክ መዝገብ ቢያንስ ለማን፣ መቼና ስንት እንደተከፈለ ያሳያል።

ከ2015ቱ እገዳ በኋላ ተረጂን በጣት አሻራ መመዝገብ፣ የጭነት መኪናን በሳተላይት መከታተልና ከተረጂ ምርጫ የመንግሥት ሹማምንትን ማራቅ እንደ መፍትሔ ቀርበዋል። የፋይዳ መታወቂያም ከዚሁ ዓመት አዋጅ ጀምሮ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። አሻራ አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ የመጣው ጆንያ ሙሉ ስለመሆኑ ግን አይናገርም። መጋዘን ጠባቂው፣ ጫኙ፣ አከፋፋዩና መዝጋቢው አራት የተለያዩ መዝገቦች ይዘው እርስ በርስ ካልተመሳከሩ መሣሪያው ብቻውን ብዙ አይፈይድም። ያንን ማመሳከር ሲጠይቅ የነበረው ዩኤስኤአይዲ ራሱ በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ተዘግቶ ቀሪ ሥራው ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ከእንግዲህ ይበልጥ በአገር ውስጥ ኦዲተርና በገዢው ፋብሪካ ደጃፍ ላይ ይወድቃል። የዱቄት ፋብሪካ ለገዛው እያንዳንዱ መኪና ስንዴ የሻጩን ስም፣ የጫነበትን ቦታና የመኪናውን ታርጋ የያዘ ደረሰኝ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ከሳተላይቱ ይልቅ ርካሽ ነው። ወረቀት የሌለውን ጭነት የሚያመጣ ደላላም መኪናውን ይዞ ሌላ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት ያስባል።