በነሐሴ ሌሊት አልነሳም ያለችው ዲኤክስ

ባለቤቴ ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ወራት የጠበቀችው ቀጠሮ የደረሰ ዕለት ዲኤክሷ አልነሳም አለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ አድሯል። ቁልፉን ደጋግሜ አዞርኩ። እሷ ጋቢና ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ዝም ብላለች።

«አባባ፣ ይተዉ! ባትሪውን ይጨርሱታል» አለኝ የልጅ ልጄ። እውነቱን ነው። ሞተሪኖው በኃይል እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ችግሩ ባትሪው አይደለም። እኔ ግን ደንግጬ ደህናውን ልጨርስ ነበር።

ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የሞባይሌን መብራት አጥፍቼ ልጁን «ማርሹን ዜሮ አድርግና አንዴ አዙር» አልኩት። በጨለማው ውስጥ በአንዱ የካንዴላ ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሳብ አየሁ። ካንዴላው ጋ መድረስ የነበረበት እሳት በእርጥበቱ በኩል ወደ ብረቱ እያመለጠ ነው። ቀን ቢሆን መች ይታየኝ ነበር!

ቁልፉን አስነቅዬ ገመዶቹንና የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን፣ ውስጡን ጭምር፣ በደረቅ ፎጣ አደረቅሁ። (ሞተሩ እየዞረ ገመዱን እንዳትነኩ፤ ክፉኛ ይመታል። ስትነቅሉም አንድ በአንድ ይሁን፤ እኔ አንድ ጊዜ ተቀያይሮብኝ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።)

በሦስተኛው ተነሳች። ቀጠሯችን አላለፈም። የተሰነጣጠቁትን ገመዶች በማግስቱ አስቀየርኩ።

ባለቤቴ አፏን የፈታችው መንገድ ላይ ነው፦ «ማታ ሸራ ብታለብሳት ምን ነበረበት?»