የጽሑፍ ይዘትና የገጽ መልክ

በቀድሞ ዘመን በጎጃም አድባራት የኖረ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ ካለሰለሰ በኋላ ወዲያው ብርዑን ቀለም ነክሮ መጻፍ አይጀምርም ነበር። አስቀድሞ በወስፌ ነጥብ ይወጋል፤ በነጥቦቹም መካከል መስመር ያሰምራል፤ ዓምዱ ስንት እንደሚሆንና የትኛው ቃል በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ይወስናል። ደንቡም መጽሐፉ እስኪያልቅ ድረስ ይጸናል።

በኢንተርኔት የሚወጣ ጽሑፍም ተመሳሳይ ደንብ አለው። ሐኮን ቪዩም ሊ የተባለ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ሐሳብ በ1996 ጸድቆ ሲ.ኤስ.ኤስ. በሚባል ስም ታወቀ። ዓላማው ይዘትን ከመልክ መለየት ነው፤ ይኸውም ቃላቱ በአንድ ፋይል፣ የፊደሉ መጠን፣ ቀለሙና የመስመሩ ርቀት ደግሞ በሌላ ፋይል ይቀመጣሉ።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር በቆሎና በርበሬ ይመረታል። ስለ በርበሬ አደራረቅ የሚያስረዳ ብሎግ ለማዘጋጀት የተነሣ አንድ ተማሪ አለ እንበል። ይህ ተማሪ ሌሎች የሠሩትን ቴምፕሌት ወስዶ መልኩን ለመለወጥ ይፈልጋል። አርእስቱን በየገጹ እየዞረ ቢያቀልም መቶውን ገጽ መቶ ጊዜ ማረም ይኖርበታል። በደንቡ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ቢለውጥ ግን መቶው ገጽ በአንድነት ይለወጣል። ይሁን እንጂ ስሕተቱም እንዲሁ ይዛመታል፤ አንዲት መዝጊያ ቅንፍ ብትረሳ ከእርሷ በኋላ ያሉት ደንቦች ሳይሠሩ ሊቀሩ ይችላሉ።

ስለዚህ አራሚው የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባዋል። አንደኛ፣ ከማረሙ በፊት የነባሩን ፋይል ቅጂ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ የራሱን ደንቦች በሌላ ፋይል ለብቻ ይጻፍ፤ ቴምፕሌቱ በአዲስ እትም ሲተካ በውስጡ የተቀላቀለው ሁሉ ይጠፋልና። ፋይሉም ከነባሩ በኋላ እንዲነበብ ያድርግ፤ እኩል ደረጃ ካላቸው ሁለት ደንቦች የሚጸናው ኋላ የመጣው ነውና። ሦስተኛ፣ አጠቃላዩን አስቀድሞ ዝርዝሩን ያስከትል፤ በመጀመሪያ የገጹን ሁሉ ፊደል፣ ቀጥሎ አርእስትን፣ በመጨረሻም ሠንጠረዥንና ሥዕልን ይደንግግ። አራተኛ፣ ደንቡን በመልኩ ሳይሆን በአገልግሎቱ ይሰይም። «ቀይ» ብሎ የሰየመውን ነገ አረንጓዴ ቢያደርገው ስሙ ሐሰት ይሆናል፤ «ማስጠንቀቂያ» ቢለው ግን ስሙ ይጸናል። አምስተኛ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ሳያይ ወደ ሌላው አይለፍ።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። ብዙዎቹ ቴምፕሌቶች ግን ለላቲን ፊደል የተመጠኑ ናቸው። ስለሆነም የአማርኛ ገጽ አዘጋጅ የመስመሩን ርቀት ማስፋትና ኖቶን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ የግእዝ ፊደል ቅርጽ በደንቡ ውስጥ መጥቀስ ይኖርበታል። ተራ ቁጥሮችም ፩፣ ፪፣ ፫ ተብለው እንዲታዩ በዚሁ ደንብ ማዘዝ ይቻላል።

በቡሬ ገበያ በትንሽ ስልክ የሚያነብ ገበሬ ስለዚህ ሁሉ ልፋት ማወቅ አያስፈልገውም። እርሱ የሚሻው በርበሬው እንዳይሻግት የሚረዳውን ምክር ነው። ፊደሉ ደቅቆ፣ መስመሩም ተደራርቦ ማንበብ ካቃተው ግን ምክሩ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።