ካሜራ ይዞ ከምድር በታች መውረድ

ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ሰው ለንደን ሲደርስ አስቀድሞ የሚያነሣው ድልድዩንና የሰዓቱን ግንብ ነው። እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ከምድር በታች ወዳለው ባቡር መውረድን ነው። በዚያ ሰው ሁሉ እየተጣደፈ ያልፋል፤ ያላስተዋለውም ነገር አንድ ቀን ይጠፋል። (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ይህ ባቡር በ1863 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በዓለም የመጀመሪያው ነበር። በቤከር ስትሪት ጣቢያ ብርሃንና አየር እንዲገባ ተብለው በግድግዳው የተከፈቱት ጕድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ሌዝሊ ግሪን የተባለው አርክቴክት፥ በ1906 እና በ1907 ለተከፈቱት መስመሮች የሠራቸውን ጣቢያዎች ፊት የበሬ ደም በሚመስል ቀለም በሚያብረቀርቅ ሸክላ አለበሰ፤ በውስጥም የየጣቢያውን ሸክላ በልዩ ልዩ ቀለምና ጥለት አስጌጠ። እርሱ ራሱ በ1908 በ33 ዓመቱ ሞተ። ከነዚህ ጣቢያዎች አንዱ ኦልድዊች በ1994 ተዘግቷል፤ ሆኖም እስከ 1915 የተጠራበት «ስትራንድ» የሚለው የቀድሞ ስሙ ከፊቱ ላይ ይነበባል።

ሁሉም ግን እንዲህ አይቈይም። ኤድዋርዶ ፓኦሎዚ በቶተንሃም ኮርት ሮድ ጣቢያ ከባለ ቀለም መስተዋት ስብርባሪ የሠራው ትልቅ ሞዛይክ በ1980ዎቹ ተፈጸመ። ጣቢያው ሲስፋፋ፥ አብዛኛው ቢተርፍም፥ ከተንቀሳቃሹ ደረጃ በላይ የነበሩት ቅስቶች በ2015 ፈረሱ፤ ስብርባሪያቸውም ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። ቅስቶቹን በየቀኑ ከሥራቸው ሲያልፍ ከነበረው ሕዝብ ቀና ብሎ ፎቶግራፍ ያነሣቸው ስንቱ ይሆን?

አሠራሩ ቀላል ነው። የባቡር ነጂውን ዓይን ስለሚያጥበረብር ብልጭታ ክልክል ነው፤ ባለሦስት እግር ማቆሚያም ያለ ፈቃድ አይተከልም። ስለዚህ ጀርባን ለግድግዳ አስደግፎ፥ ትንፋሽን ገታ አድርጎ ማንሣት ያስፈልጋል። ባቡሩ ተሳፋሪውን ይዞ እንደ ሄደ መድረኩ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ መልካሙ ሰዓት ይኸው ነው። ሸክላው ስለሚያብረቀርቅ ከፊት ለፊት ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎን ሆኖ ማንሣት ይሻላል።

የመጨረሻው ምክራችን ከስሕተታችን የተገኘ ነው። አንድ ጊዜ ደስ ያለንን የሸክላ ጥለት ብቻ አቅርበን አነሣንና የየትኛው ጣቢያ እንደ ሆነ ሳንጽፍ ቀረን፤ ዛሬ ሥዕሉ ያምራል እንጂ የሚያስረዳው ነገር የለም። እንግዲህ አስቀድሞ ግድግዳውን በሙሉ፥ ቀጥሎ ጥለቱን ማንሣት፥ በመጨረሻም የጣቢያውን ስምና ቀኑን መጻፍ ይገባል። ግድግዳው ቢፈርስ ምስክር የሚሆነው ይህ ነውና።