በተራራ ላይ አዲስ ቤት ስለ መሥራት

ለሰው ልጅ የራሱን ቤት መሥራት ታላቅ ደስታ ነው። ይልቁንም በሲኤምሲ ሜዳ የሚኖር ሰው ወደ ሰሜን ቀና ብሎ የእንጦጦን ሰንሰለት ሲመለከት፥ እንደዚያ ባለ ከፍታ ላይ ንጹሕ አየር እየተቀበለ ለመኖር ቢመኝ አያስደንቅም። እኛም ምኞቱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ድንጋዩ ከመጠረቡ በፊት ሊታሰብ የሚገባውን ለአባወራዎችና ለእመቤቶች ለማስታወስ እንወዳለን።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከተማቸውን ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ በሆነው በእንጦጦ ራስ ላይ አድርገው ነበር። ቦታው ለጥበቃ የሚመች፥ ዙሪያውንም አሻግሮ የሚያሳይ ነው። ሆኖም ነፋሱና ብርዱ ጽኑ፥ ማገዶውም ሩቅ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱና ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ። እንግዲህ ቦታን የሚያስመርጠው ለዓይን ማማሩ ቢሆንም፥ የሚያኖረው ግን ውሃና እሳት ነው።

ስለዚህ ቦታ የሚመርጥ ሰው በአንድ ወራት ብቻ አይቶ አይቍረጥ። በሐምሌ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፥ በሚያዝያም ምንጩ መድረቅ አለመድረቁን ይመርምር። አባወራው በአንድ ቀን የመረጠውን ዳገት እንስራ ያዘለችው ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ትወጣዋለችና፥ ምክሩ ከእመቤቲቱ ጋር ይሁን።

ስለ መሠረቱም እንናገር። የሲኤምሲ ጥቁር አፈር ዝናም ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ግንበኞች አፈሩን ጠርገው በገረጋንቲ ይተኩታል። በተራራ ግን የቤት ጠላቱ ተዳፋቱ ነው። መሠረቱ ከጽኑ አለት እስኪደርስ ይቈፈር፤ ግድግዳው ከተቈረጠው ገደል ይራቅ፤ ከበላዩ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይውጣ፤ አፈሩም በድንጋይ ግንብ ይደገፍ። ከግንቡም ጀርባ ውሃ ተከማችቶ እንዳይገፋው ማፍሰሻ ቀዳዳ ይተውለት። በርና መስኮትም ነፋስ ከሚበረታበት ወገን ፊታቸውን ይመልሱ።

ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ለማገርና ለማገዶ ይረዳል፤ ነገር ግን ብዙ ውሃ ይጠጣልና ከምንጭ አጠገብ አይተከል። በቤቱ ዙሪያ ጽድና ወይራ ቢተከሉ አፈሩን ይይዛሉ፥ ለልጅ ልጅም ይተርፋሉ።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያሰበ ሰው በደጋው አየር ከቤተ ሰቡ ጋር ደስ ብሎት እንዲኖር ምኞታችን ነው።