ለድምፅ ቅጂ ሥራ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ስንቀይር ምን እናስቀድም?

ለሙዚቃና ለሬዲዮ ድራማ ቅጂ የሚያገለግል ኮምፒዩተር በዕድሜ ብዛት ሲዳከም፣ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን በአዲስ መተካት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ኮምፒዩተሩ ተገጣጥሞ ሲያበቃ፣ ለዓመታት ያገለገለው የድምፅ ካርድ መሰኪያ ሊያጣ ይችላል። መሰኪያው ቢገኝ እንኳ ቅጂው እንደ ቀድሞው ሊቆራረጥ ይችላል። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ድምፅ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ድምፅ ወደ ቁጥር ሲለወጥ

ከማይክሮፎን የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሞገድ የድምፅ ካርዱ ላይ ሲደርስ፣ በእኩል የጊዜ ልዩነት እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በ48 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ካርድ በአንድ ሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ24 ቢት፣ ማለትም በ3 ባይት ቢመዘገብ፣ አንድ የድምፅ መስመር በሰከንድ 144,000 ባይት ያመነጫል። 16 ማይክሮፎኖች በአንድ ጊዜ ቢቀረጹ ጠቅላላው 2.3 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ፒሲአይ የተባለው የካርድ መሰኪያ ደግሞ በተለመደው ዓይነቱ በሰከንድ እስከ 133 ሜጋባይት ያስተላልፋል። ስለዚህ መንገዱ አልጠበበም፤ አስቸጋሪው ነገር በሰዓቱ መድረስ ነው።

የባፈር ሚና

ኮምፒዩተሩ ልኬቶቹን አንድ በአንድ አይቀበልም። ባፈር በሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ከተጠራቀሙ በኋላ በአንድነት ይወስዳቸዋል። 256 ልኬቶችን የሚይዝ ባፈር በ48 ኪሎኸርዝ በ5.3 ሚሊሰከንድ ይሞላል። ፕሮሰሰሩም ስሌቱን ሁሉ ቀጣዩ ባፈር ከመሙላቱ በፊት መጨረስ አለበት። ከዘገየ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ወይም እንደ ጠቅታ ያለ እንግዳ ድምፅ ይሰማል።

ባፈሩን ወደ 1,024 ማሳደግ ለፕሮሰሰሩ ፋታ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን የመግቢያውና የመውጫው መዘግየት ሲደመር ከ42 ሚሊሰከንድ ይበልጣል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ከ14 ሜትር በላይ ርቆ ከቆመ ድምፅ ማጉያ የሚመጣ ያህል ዘግይቶ ነው። በዚህ ሁኔታ ምት ጠብቆ ማዜም እጅግ አዳጋች ነው።

ፕሮሰሰሩ ምን ይፈይዳል?

የፈጣን ፕሮሰሰር ጥቅም ባፈሩን አሳንሶ ያለ መቆራረጥ ለመሥራት ማስቻሉ ነው። ሆኖም የኮሮች ብዛት ብቻውን በቂ አይደለም። የተለያዩ የድምፅ መስመሮችን ለተለያዩ ኮሮች ማከፋፈል ይቻላል። በአንድ መስመር ላይ በተከታታይ የሚሠሩ የድምፅ ማስተካከያዎች ግን አንዱ የሌላውን ውጤት መጠበቅ ግድ ይለዋል። ስለሆነም የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ከብዛቱ ባላነሰ መታየት አለበት። መቆራረጡ የመጣው ሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ የገመድ አልባ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር፣ ፕሮሰሰሩን ለጥቂት ሚሊሰከንዶች በመያዙ ከሆነ ደግሞ አዲስ ፕሮሰሰር መግዛት ላይፈታው ይችላል። ካርዱን በቅጂ ጊዜ ማጥፋት ምንም ወጪ የለውምና አስቀድሞ መሞከር ይገባል።

መሰኪያውና ድራይቨሩ

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በማዘርቦርዶች ላይ የተስፋፋው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከፒሲአይ ጋር ስሙ ቢቀራረብም፣ ቅርጹም ሆነ የመረጃ አተላለፉ የተለየ ነው። በፒሲአይ ካርዶቹ አንድ መንገድ ይጋራሉ፤ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ግን እያንዳንዱ መሰኪያ የራሱ መስመር አለው። በመሆኑም የቀድሞው ካርድ በአዲሱ መሰኪያ አይገባም። በሁለቱ መካከል የሚያስተረጉም አገናኝ ቺፕ ያለው ማዘርቦርድ ወይም አስማሚ ቢገኝም፣ ሁሉም የድምፅ ካርዶች ከእርሱ ጋር አይስማሙም።

ሁለተኛው መሰናክል ድራይቨር ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለ32 ቢት የተጻፈን ድራይቨር አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የተዘጋጀው በ64 ቢት ብቻ ነው። አምራቹ አዲስ ድራይቨር ካላወጣለት፣ ምንም እንከን የሌለበት ካርድ በአዲሱ ሲስተም ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የምርጫ ቅደም ተከተል

እንግዲህ ምርጫው ከካርዱ መጀመር አለበት። በመጀመሪያ ካርዱ ለምንጠቀምበት ሲስተም ድራይቨር እንዳለው እናጣራለን። በመቀጠል የሚሰካበት ቦታ ያለውን ማዘርቦርድ እንመርጣለን። ከዚያም ከማዘርቦርዱ ሶኬት ጋር የሚስማማውን ፕሮሰሰር፣ በመጨረሻም ተስማሚውን ራም እንወስናለን። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት ያለው ማዘርቦርድ ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሚቀበል፣ የነበረውን ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 ወደ እርሱ ማዛወር አይቻልም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ወጪው ከበዛ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ መሣሪያ ገዝቶ አሮጌውን ካርድ በክብር ማሰናበት፣ ወይም አሮጌውን ኮምፒዩተር ከነካርዱ ለቅጂ ብቻ ማቆየት የተሻለ ይሆናል።