ነጣቂና ሰላማዊ ዓሣ በአንድ የመስታወት ቤት

በመስታወት ቤት ውስጥ የሚኖር ዓሣ ማምለጫ የለውም። በወንዝ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ጠላቱን ባየ ጊዜ ከድንጋይ ሥር ይገባል፤ ከሣር መካከል ይሠወራል፤ ወይም ወደ ማዶ ይሸሻል። በቤታችን ጥግ በአራት መስታወት የተከበበው ግን የሚሸሽበት ማዶ ስለሌለው፥ ጎረቤቱን የምንመርጥለት እኛ ነን። ስለዚህ አኳሪየም የተባለውን የዓሣ ቤት ለቤታቸው ጌጥ፥ ለልጆቻቸውም ትምህርት ይሆን ዘንድ ያቆሙ ቤተ ሰቦች፥ የቀድሞዎቹ ዓሦች አልቀውባቸው እንደ ገና ሊሞሉት ባሰቡ ጊዜ፥ ወደ ገበያ ከመሄዳቸው አስቀድሞ ሊያውቁት የሚገባውን ነገር በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ ወደድን።

ዓሣን በመስታወት ውስጥ በሥርዐት የማኖር ጥበብ ብዙ ዘመን ያስቈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በለንደን ከተማ ወርቃማ ዓሣን፥ የውሃ ሣርንና ቀንድ አውጣን በአንድ የመስታወት ዕቃ አኖረ። ሣሩ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ሲሰጥ፥ ቀንድ አውጣውም የሚበሰብሰውን ቅጠል ሲበላ፥ ውሃው ሳይበላሽ እንደሚቈይ ለባልንጀሮቹ ሊቃውንት አስረዳ። ከዚያም በ1853 በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ሥፍራ ሕዝብ የሚመለከተው የዓሣ ቤት ተከፈተ። የዋሪንግተን ሥራ ያስተማረው ነገር እስከ ዛሬ አልተሻረም። ዓሣ ብቻውን አይኖርም፤ የሚኖረው ከውሃው፥ ከሣሩና በዐይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ጋራ ተስማምቶ ነው።

እነዚህ በዐይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስወጣል። በማጣሪያው ውስጥና በጠጠሩ ላይ የሚያድሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን እጅግ ካልበዛ ብዙ አይጐዳም፤ ውሃውን በከፊል በመለወጥም ይቀነሳል። በአዲስ የዓሣ ቤት ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ እስኪራቡ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃሉ። ዓሦቹ ያለቁበት አሮጌ ቤትም ቢሆን ባዶውን የቈየ እንደ ሆነ፥ ባክቴሪያዎቹ ምግብ አጥተው ይመነምናሉ። ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቢታይም የጥራቱ መልክ ሊያታልለን አይገባም። በአንድ ቀን ዐሥራ አምስት ዓሣ ገዝቶ የሚጨምርበት ሰው ገንዘቡንም ዓሦቹንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የቀድሞዎቹ ስለ ምን እንደ ሞቱ መመርመር ነው። በሰውነታቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጥብ ታይቶ ከነበረ፥ ያ ጥገኛ ተሐዋሲ የሚያመጣው ደዌ ነው። ተሐዋሲው ያለ ዓሣ ብዙ ጊዜ ሊኖር ስለማይችል፥ ውሃውን እንደ ሞቀ ለሁለት ሳምንት ያለ ዓሣ ማቈየት ይጠቅማል፤ በዚያም ጊዜ ባክቴሪያዎቹ እንዳይራቡ ጥቂት ቍንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልላቸዋል። ማጣሪያው በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ከነበረ ደግሞ፥ በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ፈጅቷቸው ይሆናል። ማጣሪያ የሚታጠበው ከዚያው ከዓሣው ቤት በተቀዳ ውሃ ነው። ለመጨመር የሚቀዳውም ውሃ አፉ በተከፈተ ዕቃ አንድ ቀን ሙሉ ሲያድር ክሎሪኑ ይለቅቃል፤ ክሎራሚን የተጨመረበት ውሃ ግን በማሳደር ብቻ ስለማይጠራ ማርከሻ መድኀኒት ያስፈልገዋል።

ከዚህ በኋላ የጎረቤት ምርጫ ይመጣል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ እነርሱም ጠበኛነትና ነጣቂነት ናቸው። ተዋጊው የሲያም ዓሣ ጠበኛ ነው፤ ሁለት ወንዶች በአንድ ቤት ከገቡ እስኪቈሳሰሉ ይዋጋሉ፤ ነገር ግን ባልንጀራውን ሊበላ ፈልጎ አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ኦስካር ግን በቁመት ከሚተካከለው ዓሣ ጋራ ብዙ ጊዜ በጸጥታ ሊኖር ሲችል፥ በአፉ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል። ጠበኛውን ቦታ በማስፋትና መሸሸጊያ በማብዛት ማብረድ ይቻል ይሆናል፤ ነጣቂውን ግን ምክር አይመልሰውም። ሕጉ የአፉ ስፋት ነው።

በምናውቀው በአንድ ቤት ይህ ነገር ደርሷል። አባትየው በአንድ ቀን ዐሥራ ሁለት ኒዮን ቴትራና የአውራ ጣት ቁመት ያለው አንድ ኦስካር ገዝተው ለልጆቻቸው አመጡ። ኦስካሩ ዐይነ ግቡ፥ ሰው ሲቀርብ ወደ መስታወቱ የሚመጣ፥ ሁሉም የሚወደው ዓሣ ሆነ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ትንሿ ልጅ ከመስታወቱ ፊት ቆማ፥ «አባባ፥ ሰማያዊዎቹ ወዴት ሄዱ?» ብላ ጠየቀች። አባትየውም፥ «ተጣልተው ይሆናል፥ ልጄ» ቢሏትም ነገሩ ጠብ አልነበረም። ኒዮን ቴትራ አድጎ ከ4 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ኦስካር ግን 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በተገዙበት ቀን ተካክለው የታዩት፥ አንደኛው ገና ሕፃን ስለ ነበረ ብቻ ነው። ዓሣን ስንመርጥ እንግዲህ የዛሬውን ቁመቱን ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበትን እንመልከት።

ታዲያ ነጣቂውንና ሰላማዊውን አንድነት ማኖር ፈጽሞ አይቻልምን? ይቻላል። ለምሳሌ 200 ሊትር ውሃ ለሚይዝ ቤት የሚስማማውን አንዱን ማኅበር እንጥቀስ። ኤንጀልፊሽ የተባለው እንደ ክንፍ የተዘረጋ ዓሣ መልኩ የዋህ ቢመስልም ትንንሽ ዓሣ የሚበላ ነው፤ ኒዮን ቴትራም ከምግቡ አንዱ ነው። ነገር ግን ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ከሚደርሰው ከኮንጎ ቴትራ ጋራ በሰላም ሊኖር ይችላል። ከታች በጠጠሩ ላይ ደግሞ የወደቀውን ምግብ የሚለቅሙ ስድስት ኮሪዶራስ ቢኖሩ፥ እያንዳንዱ በየእርከኑ ሥራውን ያገኛል። ክንፍ መንከስ የሚወደውን ነብር ባርብ ግን ከኤንጀልፊሽ ጋራ ማኖር አይገባም፤ በዚህ ጊዜ የሚጐዳው ነጣቂው ራሱ ነውና።

ውሃውም መስማማት አለበት። ከአማዞን ወገን የሚመጡት አብዛኞቹ ለስላሳ ውሃ ሲወድዱ፥ የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ግን ማዕድን የበዛበትን ጠንካራ ውሃ ይሻሉ። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት የሚወድዱትን የቆላ ዓሦች ቀዝቃዛ ውሃ ከሚስማማው ከወርቃማው ዓሣ ጋራ አንድ ማድረግም ለሁለቱም ጉዳት ነው።

በደጋ አገር ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች አንድ የተለየ ምክር አለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ፥ ውሃ በውስጡ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይቀንሳል። በውጭ አገር የተጻፉት መጻሕፍት የሚሰጡት የዓሣ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ ለቆላውና ለባሕር ዳርቻው የተቈጠረ ነው። ስለዚህ ከተባለው ቍጥር ሩቡን ቀንሶ፥ አየር የሚነፋውን መሣሪያ ሳያጓድሉ ማኖር ብልኅነት ነው። መብራት በጠፋ ጊዜም መስታወቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፥ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ዓሦቹን ከመታፈን ያድናቸዋል።

የአገባባቸው ተራ እንደዚህ ነው። አዲስ የተገዛ ዓሣ ሁሉ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በሌላ ዕቃ ለብቻው ይቈያል፤ ደዌ ካለበት በዚያ ይገለጣል። አስቀድመው ሰላማዊዎቹ በጥቂት በጥቂቱ ይግቡ፤ መሸሸጊያቸውን ይያዙ። ነጣቂው በመጨረሻ፥ በልጅነቱ፥ ሆዱም ጠግቦ፥ መብራቱ በጠፋ ጊዜ ይግባ። አስቀድሞ የገባ ነጣቂ ቤቱን ሁሉ ርስቴ ነው ይላል፤ በኋላ የሚመጣውንም እንደ ወራሪ ያየዋል። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ እየሰጡ መመገብም ደዌ ያስገባል፤ የደረቀ የዓሣ ምግብና የምድር ትል ይበቃዋል። ከውሃውም ሩብ ያህሉ በየሳምንቱ ይለወጥ።

በተፈጥሮው ሥፍራ ነጣቂውና ሰላማዊው አብረው መኖራቸውን ለማየት ከአገራችን መውጣት አያስፈልግም። ሊቃውንት በጣና ሐይቅ ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን ወደ 15 የሚሆኑ ዓይነት ትልልቅ ዓሦች እንዳሉ መዝግበዋል፤ ከእነርሱም 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ይህም የሚያስደንቀው፥ የዚህ ወገን ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው በመሆኑ ነው። ነገር ግን ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ የሚታደነው መሸሻ አለው፤ ነዋሪዎቹም እጅግ ረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በእኛ አገር በጫሞ ሐይቅ በጥንት ቦታው የሚኖረውን ናይል ፐርች የተባለውን ታላቅ ነጣቂ ዓሣ ሰዎች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚያ ሐይቅ አስገቡት። በ1980ዎቹም እጅግ ስለ በዛ፥ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ብዙ ዓይነት ትንንሽ ዓሦች ጠፉ።

ስለዚህ ዓሣው አድጎ ቤቱ ቢጠበው፥ ያዘኑለት መስሎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መጣል ትልቅ በደል ነው። ለሻጩ ይመለስ፤ ወይም ሰፊ ቤት ላለው ሰው ይሰጥ። የውሃው ሣርም እንዲሁ ነው። እምቦጭ የተባለው አረም ስለ አበባው ውበት በብዙ አገር የተዘራ ተክል ነው፤ በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ ዓሣ አስጋሪውንና የዳርቻውን ገበሬ ምን ያህል እንዳስቸገረ ሁላችን እናውቃለን።

በመጨረሻም ዓሣ ለመግዛት የሚሄዱ ወላጆች ልጆቻቸውን አስከትለው፥ ሦስት ጥያቄ አስይዘው እንዲሄዱ እናሳስባለን። ይህ ዓሣ ሲያድግ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል? ምን ይበላል? እስከ ዛሬስ ከማን ጋራ ኖረ? ልጁ ራሱ ይጠይቅ፤ መልሱንም በደብተሩ ይጻፍ። ሻጩ ለሦስቱ መልስ ካላገኘ፥ ዓሣው ምንም ቢያምር በዚያ ቀን ሳይገዙ መመለስ ይሻላል፤ በቤት የቀሩት ትንንሾቹ እስከሚቀጥለው ሳምንት በሰላም ይቈያሉና።