ቀንና ሰዓት በኮምፒውተሮች መካከል፦ ከባቲ ገበያ እስከ ሰርቨር

«ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ባቲ ገበያ እንገናኝ» ተባብለው ለተቀጣጠሩ ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው። ከአፋር ቆላ ግመል እየነዳ የሚመጣውም ሆነ ከወሎ ደጋ እህል ጭኖ የሚወርደው፣ ሦስት ሰዓት ሲባል ከንጋት ጀምሮ የተቆጠረ መሆኑን ያውቃል። ኮምፒውተር ግን ካልተነገረው በስተቀር ይህን ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ፕሮግራሞች ቀንና ሰዓት ሲለዋወጡ ስህተት የሚፈጠረው እንዴት እንደሆነና መፍትሔውም ምን እንደሆነ እንመለከታለን።

ዌብ ሰርቪስ ማለት አንድ ፕሮግራም በኢንተርኔት አማካይነት ለሌላ ፕሮግራም መረጃ የሚሰጥበት ወይም ከሌላው የሚቀበልበት መንገድ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች በተለያዩ አገሮች ሊገኙ ይችላሉ። ከባቲ የተላከው መልእክት «3:00» ብቻ ቢል፣ አንዱ ተቀባይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ የኢትዮጵያ ሰዓት መስሎት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ የዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው ብሎ ንጋት 12 ሰዓት ይለዋል። አንደኛው በ6 ሰዓት፣ ሁለተኛው በ3 ሰዓት ተሳስቷል።

ይህን ለማስወገድ የሚረዳው በ1988 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 8601 የተባለው ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት በቅድሚያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩና ቀኑ፣ ከዚያም ሰዓቱ ይጻፋል፤ በመጨረሻም ከመደበኛው ሰዓት ያለው ልዩነት ይጨመራል። የባቲው ቀጠሮ ሰዓት «09:00:00+03:00» ይሆናል ማለት ነው። ከ9 ላይ 3 ሲቀነስ በመደበኛው ሰዓት 06:00 መሆኑን ማንኛውም ተቀባይ ያገኘዋል። ሆኖም በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክስ.ኤም.ኤል. ስኪማ ልዩነቱን መጻፍን ግዴታ አላደረገም። ጄሶን ደግሞ ለቀን የተለየ የዳታ ዓይነት የለውም። ስለዚህ ላኪውና ተቀባዩ አስቀድመው መስማማት ይኖርባቸዋል።

ሁሉም ቀን ግን ሰዓት ሊታከልበት አይገባም። ለምሳሌ አንድ ሕፃን መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ባቲ ተወለደ እንበል። ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 2007-09-12 ነው። ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ የእኩለ ሌሊት ሰዓት ጨምሮ ወደ መደበኛው ሰዓት ቢለውጠው፣ 2007-09-11፣ 21:00 ይሆናል። ተቀባዩ ሰዓቱን ትቶ ቀኑን ብቻ ቢመዘግብ ልጁ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ይሆናል። በሦስት ሰዓት ልዩነት ምክንያት ቀኑና ወሩ ብቻ ሳይሆን ዓመቱና ሚሌኒየሙም ተለወጡ። ሁለት ሰነዶች ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ የሚጉላላው ደግሞ ባለጉዳዩ ነው። ስለሆነም የልደት ቀን ያለ ሰዓትና ያለ ልዩነት፣ ቀን ብቻ ሆኖ መላክ አለበት።

በአገራችን ሌላም ስህተት ሊያጋጥም ይችላል። ይኸውም ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማየት ሲባል የኮምፒውተሩን ሰዓት በ6 ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ነው። በዓይን ለሚያየው ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ ኮምፒውተር የሚወጣ መልእክት ሁሉ ከተላከበት ጊዜ 6 ሰዓት ቀድሞ የተላከ ይመስላል። ከንጋት መቁጠር ሰዓትን የማንበቢያ ልማድ እንጂ የሰዓት ቀጠና አይደለም። ስለዚህ ለውጡ መደረግ ያለበት ለተጠቃሚው በሚታየው ገጽ ላይ ብቻ ነው። የዘመን አቆጣጠራችንም እንደዚሁ ነው።

ወደፊት ለሚሆን ቀጠሮ ደግሞ የልዩነቱ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ባቲ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በክረምታቸው ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይለውጣሉና። በመሆኑም እንደ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ያለው የቀጠናው ስም አብሮ ሊቀመጥ ይገባል።

በአጭሩ፣ የተፈጸመ ድርጊት ከነልዩነቱ፣ የልደት ቀን ቀን ብቻ ሆኖ፣ የወደፊት ቀጠሮ ከነቀጠናው ስም ይጻፍ። አንባቢም ይህን በራሱ የልደት ቀን ሊሞክረው ይችላል፦ ከዕለቱ እኩለ ሌሊት ላይ ሦስት ሰዓት ቀንሶ ቀኑ የት እንደሚያርፍ መመልከት ይበቃል።